አንድ ደቂቃ ኖርዌይኛ

ቦታው ሐዋሳ ነው፤ አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ገበያው ማዶ ያለ ዓሣ ቤት። አጎትየው ኖርዌይ ውስጥ፣ ትሮንድሃይም አጠገብ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ይሠራል፤ ለዕረፍት መጥቷል። የወንድሙ ልጅ ነርስ ነች። ባለቤቷ እዚያው ትሮንድሃይም ስለሚኖር የቤተሰብ ማገናኘት ማመልከቻ አስገብታ መልስ ትጠብቃለች። ሾርባው ገና አልመጣም፤ ስልኳ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው።

ልጅ፦ ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ። ያላወረድኩት የለም። ፖድካስቱ፣ የዩቲዩቡ ትምህርት፣ ዱኦሊንጎው፣ ሰዎች በቴሌግራም የላኩልኝ የድምፅ ፋይል፣ ሁሉም እዚህ አለ። የቀረ ነገር ካለ ይንገሩኝ።

አጎት፦ እኔማ የሚቀነሰው ነው የሚታየኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ እንኳ እስከ መጨረሻው ያዳመጥሽው አለ?

ልጅ፦ እስከ መጨረሻው እንኳ... ማታ ከተረኛነት ስገባ ከፍቼው እተኛለሁ። ጠዋት ባጃጅ ላይ ደግሞ ኢርፎን አደርጋለሁ። ጆሮዬ እንዲለምደው ብዬ ነው።

አጎት፦ ጆሮ ዝም ብሎ አይለምድም። እኔ እዚህ ሐይቅ ዳር የወፉን ሁሉ ጩኸት እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም ከቁራ በቀር አንዱን ከሌላው አልለይም።

ልጅ፦ ሰው ሁሉ «ብዙ ስሚ» ነው የሚለኝ።

አጎት፦ ሃይስኩል የተማርሽው በፕላዝማ አይደል?

ልጅ፦ እሱን አያንሱብኝ! ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ ታንበለብለዋለች፤ ገና ጥያቄውን ሳንገለብጥ «መልሱ ይኸው» ትላለች። መምህራችን ግድግዳውን ተደግፈው እንደኛው ያያሉ። ሲያልቅ ሰሌዳ ላይ ሊያስረዱን ይጣደፋሉ፣ ደወሉ ይደወላል።

አጎት፦ ያ ነገር በፈረንጆቹ 2004 ሲጀመር እኔ ከአገር ወጥቼ ነበር፤ ወሬውን ግን ታናናሾቼ ነግረውኛል። እንግዲህ አስቢው፤ «ብዙ መስማት» ብቻውን ቢበቃ የእናንተ ዕድሜ ልጅ በሙሉ በእንግሊዝኛ ሕልም ያይ ነበር። ሰዓቱማ ነበራችሁ። የጠፋው ማስቆሚያው ነው። ዛሬ ማስቆሚያው በአውራ ጣትሽ ሥር ነው፤ አንቺ ግን በገዛ እጅሽ ራስሽ ላይ ፕላዝማ ተክለሻል።

ልጅ፦ እሺ፣ አቆምኩት። ከዚያስ?

አጎት፦ አንድ ደቂቃ ትመርጫለሽ። ጽሑፉ አብሮት ያለ ድምፅ መሆን አለበት፤ ጽሑፍ ከሌለው ያመለጠሽ ምን እንደሆነ የሚነግርሽ የለም። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳታዪ ታዳምጫለሽ። የሰማሽውን እንደሰማሽው ወረቀት ላይ ታሰፍሪያለሽ፣ በፊደልም ይሁን በላቲን። ከዚያ ታስተያያለሽ። የሳትሽው ቃል ላይ ተመልሰሽ ጆሮሽ «ለካ ይኼ ነበር» እስኪል ትሰሚዋለሽ። መጨረሻ ላይ ከተናጋሪው እኩል ድምፅሽን አውጥተሽ ትያለሽ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ልጅ፦ ለአንድ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት! ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ ቪዛው ይቀድመኛል።

አጎት፦ ይቅደም። እኔ የኔታ ዘንድ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ያንኑ መልእክተ ዮሐንስ መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ፣ ቀስ እያልን፣ ፊደል በፊደል። ከዚያ ያንኑ በውርድ ንባብ። ከዚያ ያንኑ በቁም ንባብ። ጽሑፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፍጥነቱና ዜማው ነው። የቃል ትምህርቱ ደግሞ ማታ ነበር፤ መብራት የለ፣ መጽሐፍ የለ፤ የሚያውቀው ይላል፣ የማያውቀው ይቀበላል። ማንም «ሰለቸኝ፣ አዲስ ምዕራፍ አምጡ» አይልም ነበር።

ልጅ፦ ለምን አይልም? አለንጋ ነበራ! እኔ መካነ ኢየሱስ፣ መዘምራን ውስጥ ያደግኩ ነኝ። እኛም መዝሙር እንደጋግም ነበር፤ ግን ስለምንወደው ነው። የማልወደውን ነገር ሠላሳ ጊዜ ስሚ ቢሉኝ ሁለተኛው ቀን ላይ እተወዋለሁ።

አጎት፦ እሱ ልክ ነው። የምትወጂውን ደቂቃ ምረጪ። እኔ ያልኩት ጠባብ ይሁን ነው።

ልጅ፦ እና ከየት ልምረጥ? ጽሑፍና ድምፅ አብሮ ያለው የቱ ነው?

አጎት፦ ለጀማሪ፣ እዚያው ትሮንድሃይም ያለው የኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጽ ያስቀመጠው ነጻ ትምህርት አለ። ከውጭ የመጡ ተማሪዎችን ኑሮ እየተከተለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ንግግር በጽሑፍም በድምፅም አለ፣ የማድመጥ መልመጃም አለው። እሱን ስትጨርሺ «ክላር ታለ» አለልሽ። ከ1990 ጀምሮ የሚወጣ፣ በቀላል ኖርዌይኛ የሚጻፍ ጋዜጣ ነው፤ ዜናውን በድምፅም ያነቡታል። አረፍተ ነገሩ አጭር፣ ንባቡ ረጋ ያለ፣ ወሬው ግን የዐዋቂ ወሬ። እኔ ለእሱ ትልቅ ክብር አለኝ። አባትሽ እንግሊዝኛን እንዴት እንደያዘ ታውቂያለሽ?

ልጅ፦ በሬዲዮ ነው ሲል ሰምቻለሁ።

አጎት፦ የአሜሪካ ድምፅ ለውጭ አገር ሰው የሚያሰማው ልዩ የእንግሊዝኛ ስርጭት ነበረው። በ1959 የተጀመረ ነው፤ 1,500 ገደማ በሆኑ ቃላት ብቻ፣ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ዜና። አባትሽ አጭር ሞገዱን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ድምፁ ሲሄድ አንቴናውን እያዞረ ይሰማ ነበር። ያመለጠው አመለጠው፤ መልሶ የሚሰማበት መንገድ የለውም። ግን ነገ ያው ቃል ይመጣል፤ ቃላቱ ጥቂት ናቸዋ። «ክላር ታለ»ን ስሰማ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ። በነገራችን ላይ ኖርዌዮች ብሔራዊ የኤፍኤም ስርጭታቸውን በ2017 ዘግተውታል፤ በዓለም የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። እኛ ቤት ያለው ራዲዮ ይዤ ብሄድ ዕቃ ማስቀመጫ ነው የሚሆነው።

ልጅ፦ እዚህስ ቢሆን? ኢንተርኔቱ ሲያሰኘው ነው። ቪዲዮ ስከፍት ፓኬጁ ሳላውቀው ያልቃል።

አጎት፦ ለዚህ እኮ ነው ቪዲዮውን ተዪ የምልሽ። የግማሽ ሰዓት ፖድካስት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሜጋባይት ነው፤ የዚያኑ ያህል ርዝመት ያለው ቪዲዮ ብዙ እጥፍ ይበላል። በሌሊት ፓኬጅ የሳምንቱን አውርጂ፤ ቀን ላይ ዳታውን አጥፊው። ማጫወቻው ፍጥነት የሚቀንስ ይሁን። ግን ከሩብ በላይ አትቀንሺለት፤ ሲበዛ ቃናው ይፈርሳል፣ ሰካራም ነው የሚመስለው።

ልጅ፦ ቃናውን ካነሱ ዘንድ፣ እኔ የምቸገርበት እሱ ነው። ሁሉም ሰው የሚዘፍን ይመስለኛል።

አጎት፦ ይዘፍናሉ! የቃላቸው ዜማ ሁለት ዓይነት ነው። በእነሱ ቋንቋ «ገበሬዎች» እና «ባቄላ» በድምፅ አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው ዜማው ብቻ ነው። ለእሱ ግን አትጨነቂ፤ ሐኪም ቤት ውስጥ «ገበሬ ብላ» የሚል የለም፣ ከነገሩ ይገባሻል። አንቺ ልታተኩሪበት የሚገባው ሌላ ነው። እስቲ በስልክሽ «ኖሽክ» የሚለውን አሰሚኝ።

ልጅ፦ እሱን ዐውቀዋለሁ፤ የቋንቋቸው ስም። ሲጻፍ ግን «ኖርስክ» ነው።

አጎት፦ አየሽ? ር እና ስ ሲገናኙ በትሮንድሃይምም በኦስሎም ሽ ይሆናሉ። ይኼን ሳታውቂ ብታዳምጪ፣ የምታውቂውን ቃል የማታውቂው ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ። አብዛኛው «ፈጥነው ያወራሉ» የሚባለው ነገር ይኼ ነው። ስንጽፍ «አላውቅም»፣ ስንናገር «አላቅም» እንላለን አይደል? እነሱም «ዴ ኤር ኢከ» ብለው ጽፈው «ዴ ኤከ» ይላሉ። ጽሑፉን ይዘሽ ስታዳምጪ የምትይዢው እነዚህን ነው። ዱኦሊንጎ ይኼን አያሳይሽም፤ እሱ እያንዳንዱን ቃል አጥቦና ተኩሶ ነው የሚሰጥሽ።

ልጅ፦ አማርኛ መቻሌ ምንም አይጠቅመኝም ማለት ነው?

አጎት፦ በጣም ይጠቅምሻል እንጂ። ማጥበቅና ማላላት ትለያለሽ። «ገና» ስልሽ በዓሉን ይሁን «ገና ነው» የሚለውን በጆሮሽ ታውቂዋለሽ፤ ፊደላችን አያሳይም፣ ጆሮሽ ግን ያውቃል። ኖርዌይኛም እንዲሁ ነው። «ታክ» ላልቶ፣ አናባቢው ተስቦ ጣራ ነው፤ ጠብቆ፣ አናባቢው አጥሮ ምስጋና ነው። እንግሊዞች እዚህ ላይ ይደናገራሉ፤ እኛ አንደናገርም። አንቺ ደግሞ ከእኔ ትበልጫለሽ፤ የእናትሽ ቋንቋ አለሽ።

ልጅ፦ ሲዳምኛ?

አጎት፦ አማርኛ ተነባቢውን ያጠብቃል እንጂ አናባቢውን አያስረዝምም። ሲዳሙ አፎ ሁለቱንም ያደርጋል። የራሱ ስም በላቲን ሲጻፍ እንኳ መሀሉ ላይ ኣ ሁለት ጊዜ ይደረደራል። አንቺ ረጅሙን ካጭሩ መለየት ከእናትሽ ጡት ጋር ነው የጠጣሽው። እኔ ግን ትሮንድሃይም ገብቼ ነው የጀመርኩት።

ልጅ፦ ይኼን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም እንግሊዝኛ መቻሌን ነው የሚያነሳው።

አጎት፦ እንግሊዝኛው ለቃሉ ይረዳሻል፣ ለጆሮ ግን ሲዳምኛው ይበልጣል። የሚያስቸግርሽ አናባቢው ነው። «ኒ» ዘጠኝ ነው። ከንፈርሽን እንደ ኡ አሹለሽ ኢ በዪ፤ አዎ፣ እንደሱ፤ እሱ ደግሞ «አዲስ» ነው። በአማርኛም በሲዳምኛም የለም። ለዚህ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሠራው «ካልስት» የሚባል ነጻ መለማመጃ አለ። የአፍ መፍቻ ቋንቋሽን ይጠይቅሻል፣ ከኖርዌይኛ ጋር አስተያይቶ የሚያስቸግርሽን ድምፅ ለይቶ ያለማምድሻል። የማንን ዘዬ መስማት እንደምትፈልጊም ያስመርጥሻል።

ልጅ፦ ዘዬ ካልን፣ ባለቤቴ ሁልጊዜ «እዚያ የተማርሽውን እዚህ አትሰሚውም» እያለ ያስፈራራኛል።

አጎት፦ እውነቱን ነው። በጽሑፍ እንኳ ሁለት ናቸው፣ ቡክሞልና ኒኖሽክ። በንግግር ደግሞ «ይኼ ነው ትክክለኛው» ተብሎ የተደነገገ የላቸውም፤ የፓርላማ አባሉም ዜና ተንታኙም በየአገሩ ዘዬ ነው የሚናገረው። የመማሪያው መጽሐፍ «ያይ ቬት ኢከ» ይልሻል፤ «አላውቅም» ነው። ትሮንድሃይም ስትገቢ «ኤ ቬይት ኢች» ይሉሻል። በርገን ብትሄጂ «እኔ» ሌላ ነው፤ ር ደግሞ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው።

ልጅ፦ እና ለምን ከመጀመሪያው የትሮንድሃይሙን አልማርም? ለኦስሎ ምን አለኝ?

አጎት፦ መማሪያው የኦስሎ አካባቢውን ስለሚከተል ነዋ። የኖርዌይኛ ፈተናውም ቢሆን እሱን ያዘወትራል። መጀመሪያ አንዱን ያዢ፣ ሌላው ሲመጣ የምትሰቅይበት ምሰሶ ይኖርሻል።

ልጅ፦ እኔ አይመስለኝም፣ ጋሼ። እኛ ቤት ሁለት ቋንቋ እኩል ነው የሰማነው፤ የእናቴ ዘመዶች ከአለታ ወንዶ ሲመጡ አነጋገራቸው ከሐዋሳው ይለያል፣ እሱንም ለመድነው። ማንም «መጀመሪያ አንዱን ያዙ» አላለንም።

አጎት፦ ልጅ ነበራችሁ። ሰዓት ነበራችሁ።

ልጅ፦ ቢሆንም በሳምንት አንድ ቀን የትሮንድሃይሙን እሰማለሁ። መናገሩን አልልም፤ ስሰማው እንዳልደነግጥ።

አጎት፦ መስማቱን አልከለክልሽም። እንደውም ከሥራሽ ጋር የሚሄድ ነገር ልንገርሽ፤ ቁጥር። ሁሉም ኮርስ ሃያ አምስትን እንደኛ ያስተምርሻል፣ ሃያው ቀድሞ፣ አምስቱ ተከትሎ፤ «ሹኤፌም»። ይኼ አቆጣጠር በ1951 በመንግሥት ውሳኔ የመጣ ነው። የስልክ ቁጥር ሲያቀባብሉ ስለሚሳሳቱ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ነው የጠየቀው። ከዚያ በፊት «አምስትና ሃያ» ነበር የሚሉት፤ «ፌም ኦ ቲቨ»። እኔ የምንከባከባቸው ሽማግሌዎች ዛሬም እንደዚያው ናቸው። የተወለዱበትን ቀን፣ የልጃቸውን ስልክ፣ ኪኒኑን የዋጡበትን ሰዓት በድሮው ይነግሩሻል። አምስት ስትሰሚ እጅሽ አምስት ይጽፋል፤ ሃያው ሲከተል 52 ሆኖ ቁጭ ይላል።

ልጅ፦ ለነርስ ይኼ ቀልድ አይደለም። ሚሊግራም ቢሆንስ?

አጎት፦ ለዚህ ነው ያነሳሁት። የዜና ፖድካስት ሺህ ጊዜ ብትሰሚ ይኼ አይመጣልሽም።

ልጅ፦ ፈተናው ላይስ ይመጣል?

አጎት፦ ፈተናው ማንበብ፣ ማድመጥ፣ መጻፍና መናገር እያለ ለየብቻ ነው ውጤት የሚሰጠው። አንዱን ክፍል አልፈሽ ሌላውን ልትወድቂ ትችያለሽ። ለዜግነት ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በንግግር የቢ1 ደረጃ ይጠየቃል፤ ድሮ ኤ2 ይበቃ ነበር። አንቺ ደግሞ በነርስነትሽ መሥራት ከፈለግሽ ከአውሮፓ ውጭ ስለተማርሽ ቢ2 ያስፈልግሻል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የናሙና ጥያቄዎቹን ከነድምፁ በነጻ አስቀምጧል። ሰው ግን አይከፍተውም፤ ገንዘብ ከፍሎ «ምስጢሩን» የሚነግረውን ፍለጋ ይዞራል።

ልጅ፦ እኔ ከፍቼው ነበር። የኤ2ው ገባኝ፣ የቢ1 ላይ ጠፋሁ።

አጎት፦ ከፍተሽዋል? ጎበዝ። እንግዲያው የጠፋሽበት ቦታ ለአንድ ደቂቃሽ ጥሩ መነሻ ነው።

ልጅ፦ ሾርባው መጣ። ሚጥሚጣ ይጨምሩ። ስለ ቴሌቪዥናቸው ስለ ኤንአርኬስ ምን ይላሉ? «ስካም»ን ልይ ይሆን? ጓደኞቼ በእሱ ነው የተማርነው ይላሉ።

አጎት፦ እነሱ «ኤን ኤር ኮ» ነው የሚሉት። «ስካም» ጥሩ ድራማ ነው፤ ከ2015 እስከ 2017 ድረስ መላው አውሮፓ ጉድ ብሎለታል። ግን የኦስሎ ኮረዶች የሚያወሩት ነው፤ ግማሹ የአራዳ ቋንቋ፣ ግማሹ ማጉረምረም። ቢ1 ላይ ስትደርሺ ለመዝናኛ እዪው። የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ከፊሉ ከኖርዌይ ውጭ ይዘጋብሻል፤ ራዲዮውና ፖድካስቱ ይሻላል። የልጆቹ ክፍል ጥሩ ነው ይላሉ።

ልጅ፦ የልጆቹን ሞክሬዋለሁ። ዝሆን ሲያለቅስ ማየት ግን... ትልቅ ሰው ነኝ።

አጎት፦ ተዪው እንግዲህ። በጣም ሲደክምሽ ደግሞ የበርገን ባቡርን ክፈቺ። በ2009 ከበርገን እስከ ኦስሎ ባቡሩ ፊት ላይ ካሜራ አስረው፣ ከሰባት ሰዓት በላይ ዝም ብለው ሐዲዱን አሳዩ። አገሩ በሙሉ ቁጭ ብሎ አየው! እነዚህ ናቸው እንግዲህ የምትሄጂባቸው ሰዎች።

ልጅ፦ ስለ መጽሐፍ ቅዱስስ? ድምፁን አግኝቻለሁ፤ የሉቃስ ወንጌልን ጀምሬ ነበር፣ የጠፋው ልጅ ታሪክ ጋ ስደርስ ጽሑፉን ሳላይ ገባኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

አጎት፦ ከነገርሽኝ ሁሉ ይኼ ይበልጣል። ታሪኩን በቃልሽ ስለምታውቂው ጆሮሽ ስለ ድምፁ ብቻ ነው የሚያስበው። የ2011ዱ ትርጉማቸው ደግሞ የዛሬ ኖርዌይኛ ነው፣ ጥንታዊ አይደለም። በሥራሽም ያው ነው፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር የሚያወራ ነገር ፈልጊ። ግማሹን ሳትሰሚው ታውቂዋለሽ።

ልጅ፦ አንድ ነገር ግን ያስቆጨኛል። ይኼ ከተማ ኖርዌጂያን የማያውቅ ከተማ አይደለም። የእናቴ እናት ኖርዌጂያን ሐኪሞችን ታስታውሳለች።

አጎት፦ ይርጋለም ሆስፒታል። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በ1948 ነው ወደ ኢትዮጵያ የገባው፤ የሲዳማ ምድር ከመጀመሪያ ጣቢያዎቹ አንዱ ነበር። እነዚያ ሰዎች አማርኛ ሲማሩ ምን ነበራቸው? ማጥበቅና ማላላቱን የማያሳይ ፊደልና የገበያው ሰው። ልጆቻቸው እዚህ አድገው አማርኛ የሚችሉ ዛሬም ኖርዌይ ውስጥ አሉ።

ልጅ፦ እነሱ ሰው ነበራቸው፤ እኛ ስልክ ነው ያለን። ዩኒቨርሲቲያችን ከበርገን ጋር በጤና፣ ኦስ ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር በግብርና ስንት ዓመት አብሮ ሠርቷል፤ የዶክትሬት ተማሪዎቻችንን ከእነሱ ጋር አስመርቋል። ፕሮፌሰሮቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዳቸውም ከእኛ ጋር ኖርዌይኛ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

አጎት፦ አትሰሚያቸውም። እንግሊዝኛ የምትችል ሰው ካዩ ወዲያው ይገለብጡታል፤ አገራቸው ውስጥ እንኳ እንደዚያ ናቸው። አክብሮት ነው ለእነሱ፤ ለተማሪው ግን መከራ ነው።

ልጅ፦ ባለፈው አንዷ ዋርድ መጥታ ነበር። ለመነጋገር አፍሬ ዝም አልኩ። ግን ስሰማት አንድ ነገር አየሁ፤ ስልክ ላይ ስታወራ «ያ» የሚለውን ወደ ውስጥ እየተነፈሰች ነው የምትለው። ልክ እንደኛ!

አጎት፦ አይተሽዋል! እኛ እህ ብለን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አዎ እንደምንለው ማለት ነው። ፈረንጅ ሁሉ እዚህ መጥቶ «ምን ነካችሁ፣ ደነገጣችሁ?» ይለናል፤ የትሮንድሃይም ሰዎች ግን አይገርማቸውም። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አሮጊቶቹ ገና ስምህ ማነው ሳይሉኝ በዚህ ነው የተግባባነው።

ልጅ፦ እንግዲህ እሷ ስትመለስ አላፍርም። ፖድካስት ሆና አታልፍም፤ ጠይቄ አስደግማታለሁ። የእርስዎ ዘዴ ላይ የጎደለው ይኼ ነው፣ ጋሼ፤ አንድ ደቂቃውን ሠላሳ ጊዜ ሰምቼ መልስ የሚሰጠኝ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

አጎት፦ ሰው ከተገኘማ ሰው ይበልጣል። ያልተገኘ ጊዜ ነው እኔ የማወራው።

ልጅ፦ ባለቤቴንማ ለምኜው ነበር፤ በስልክ አሥር ደቂቃ ኖርዌይኛ እናውራ ብዬ። ሁለት አረፍተ ነገር ይልና ይስቃል፣ ወዲያው ወደ አማርኛው።

አጎት፦ ተዪው፣ አታስጨንቂው። በባሕር ማዶ ለሚኖር ባልና ሚስት ያቺ የስልክ ሰዓት ለሌላ ነገር ታስፈልጋለች። ደግሞም የሱ ኖርዌይኛ በእኛ ቃና ነው፤ እሱን ከለመድሽ የአገሩን ሰው ስትሰሚ ትደናገሪያለሽ።

ልጅ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እዚያ ሆስፒታል የሚሠሩት የአገሩ ሰዎች ብቻ ናቸው? እርስዎ ራስዎ ሲነግሩኝ ፖላንዱ፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ፊሊፒኗ ብለዋል። ሁሉም በየቃናው አይደል የሚናገረው? ታካሚውን የምረከበው ከእነሱ ነው።

አጎት፦ ከፖላንድ የመጣው ሰውማ ከስደተኛው ሁሉ ይበዛል።

ልጅ፦ ታዲያ! እሱንም መስማት አለብኝ። ኮርስ ላይ ደግሞ የሚያነቡት ሁሉ የሬዲዮ ሰዎች ናቸው።

አጎት፦ እህ። ይኼስ እውነት ነው፤ መጀመሪያ ለመረዳት ከአሮጊቶቹ ይልቅ የኛ ፈረቃ መሪ ነበር ያስቸገረኝ፣ ከግዳንስክ ነው የመጣው።

ልጅ፦ እንግዲያው ሲመለሱ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የሥራ ባልደረቦችዎን አንድ አንድ ደቂቃ አስቀርጸው በቴሌግራም ይላኩልኝ። አንዱ የትሮንድሃይም ሰው፣ አንዱ ግዳንስኩ፣ አንዷ ከሰሜን የመጣች ካለች እሷ።

አጎት፦ ታካሚ አልቀርጽም፤ ሕጉም አይፈቅድም። ባልደረቦቼን ግን ብጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። ምን ይበሉ?

ልጅ፦ ቁጥር። የተፈጠረ የሕመምተኛ ርክክብ ያንብቡ፤ ዕድሜ፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ የመድኃኒት መጠን። አንዱ በአዲሱ አቆጣጠር፣ ሌላው በድሮው።

አጎት፦ ጽሑፉን አብሬ እልካለሁ።

ልጅ፦ አይ፣ ጽሑፉን እርስዎ ጋ ያስቀምጡት። መጀመሪያ የሰማሁትን ጽፌ እኔ እልክልዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይላኩልኝ። አሁን ሾርባው ይቀዘቅዛል።